ማዳበሪያው ሞልቷል፤ ከሰሉስ ስንት ኪሎ ነው?

ሽንኩርት በኪሎ እንገዛለን። ሥጋም በኪሎ ነው፤ ቡናም፣ ስኳርም፣ ሙዝም። ከሰል ላይ ስንደርስ ግን ሚዛን የሚባል ዕቃ ገና ያልተፈለሰፈ ይመስል «ማዳበሪያው ስንት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ማዳበሪያ ሙሉ የሚገዛ ብር ወይም ማዳበሪያውን የሚያስቀምጥ ቦታ የሌለን የኮንዶሚኒየም ተከራዮች ደግሞ «መደቡ ስንት ነው?» እንላለን። ድሮ ይኼ የእናቶቻችን ጭንቀት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ያለው ጓደኛ ቤት ተሰባስበን ሥጋ በከሰል መጥበስ ከለመድን ወዲህ ግን የኛም ሆኗል። ነገሩ የተጀመረው «ሥጋ ቤት ገብተን ከምንራቆት አዋጥተን ራሳችን እንጥበስ» ተብሎ ነው። እናላችሁ፣ ሥጋው ተገዝቶ፣ ቃሪያውና አዋዜው ተሟልቶ፣ ጥብሱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ፍሙ አመድ ይሆንና አንዱ ልጅ ወደ ጉልት ይላካል። «ርካሽ» የተባለው ከሰል ሁለት ጊዜ ተከፈለበት ማለት ነው።

ስለዚህ የዛሬው ጥያቄያችን አጭር ነው። ከሰል በኪሎ ይሸጥልን።

ቀልድ የሚመስላችሁ ካላችሁ ነገሩን ከሥሩ እንየው። እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ ታፍኖ ሲቃጠል ውኃውና ጭስ የሚሆነው ነገር ይወጣና በአብዛኛው ካርቦን የሆነው ጥቁር ነገር ይቀራል። በደንብ የከሰለ ከሰል የግራር ሆነ የባሕር ዛፍ፣ አንድ ኪሎው የሚሰጠው ሙቀት ተቀራራቢ ነው። የሚለያዩት አንድ ኪሎው በሚይዘው ቦታ ነው። የግራር ከሰል ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል። ከቀላል እንጨት የተሠራው ደግሞ እንደ ፈንዲሻ ነው፤ ማዳበሪያውን ይሞላዋል እንጂ ሚዛን ላይ ወጥቶ አያኮራም።

እስቲ በቁጥር እናስበው (ዋጋው ለስሌት ያህል የተወሰደ ነው፤ የየሰፈራችሁን ተኩበት)። እኩል የሞሉ ሁለት ማዳበሪያዎች አሉ። አንዱ 1,000 ብር፣ ሌላው 1,200 ብር ነው ተባለ። አብዛኞቻችን ያለ ብዙ ክርክር የ1,000ውን እንሸከማለን። ሁለቱ ቢመዘኑና ባለ 1,000ው 20 ኪሎ፣ ባለ 1,200ው 30 ኪሎ ቢሆኑስ? የመጀመሪያው ኪሎው 50 ብር፣ ሁለተኛው ኪሎው 40 ብር መጣ። ውድ ያልነው ርካሽ፣ ርካሽ ያልነው ውድ ሆኖ አረፈው። ይኼን ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ሚዛን ብቻ ነው፤ እሱ ነው የጠፋው።

በዚያ ላይ ማዳበሪያው ራሱ ልኩ አንድ አይደለም። የአንዱ አፍ ላይ ከሰሉ ተቆልሎ፣ በቅጠል ወይም በሣር ተሸፍኖ፣ በገመድ ተወጥሮ ይመጣል፤ የሌላው ከአፉ በታች ይታሰራል። ከላይ ክንድ የሚያካክሉ ጉማጆች ይታያሉ፤ ከሥር ምን እንዳለ የሚታወቀው ቤት ገብቶ ሲዘረገፍ ነው። ከታች የሚገኘው ድቃቂ በመደበኛ ምድጃ ላይ አየር ያፍናል እንጂ አይነድም። የከፈልንበት ግን እንደ ከሰል ነው።

አሁን ደግሞ ወደ መደቡ እንምጣ። ማዳበሪያ የሚገዛው ቢታለል እንኳ አንድ ጊዜ ነው፤ በመደብና በፌስታል የሚገዛው በየቀኑ ነው። በከተማችን ኪሎውን ከሰል በጣም አስወድዶ የሚገዛው በጣም ትንሽ የሚገዛው ሰው ነው፤ የቀን ሠራተኛው፣ አንድ ክፍል የተከራየችው ልጅ፣ ከመንገድ ዳር በቆሎ ጠብሳ የምታድረዋ እናት። መደብ የምታቀርበዋ ሻጭም ሌባ አይደለችም፤ እሷም በማዳበሪያ ገዝታ ድቃቂውን ኪሳራ ራሷ ችላ ነው የምትቸረችረው። ሻጭም ገዢም በጨለማ ሲገበያዩ የሚጠቀመው ከሁለቱም ቀድሞ ማዳበሪያውን ያሰረው ነው።

ወዳጆቻችን «እና ግራር ግራሩን መርጠን እንግዛ ነው የምትሉን?» ትሉ ይሆናል። አይደለም፤ እንዲያውም ዋናው ክርክራችን እዚህ ጋ ነው። ከሰል በማዳበሪያ እስከተሸጠ ድረስ ነገሩ የገባው ሁሉ የሚፈልገው ጥቅጥቅ ያለውን፣ ማለትም የግራሩን ነው። ግራሩ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ የሐዋሳን መንገድ በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ በመስኮት አይቶታል። በዝዋይና በላንጋኖ አካባቢ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩት ማዳበሪያዎች ያው የስምጥ ሸለቆ የተፈጥሮ ደን ናቸው። የአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ግራሮች ሳይቀሩ ከሰል ሆነዋል። በባህላዊው መንገድ አፈር አልብሶ ሲከሰል ደግሞ ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ከሰል ብቻ ነው። ለአንድ ቅዳሜ ጥብስ የምንቆሰቁሰው 3 ኪሎ ከሰል ቢያንስ 15 ኪሎ እንጨት ነበር ማለት ነው።

በሚዛን ቢሆን ግን ግራሩ ብልጫውን ያጣል። ኪሎ ለኪሎ ሙቀታቸው ከተቀራረበ ገበሬ ተክሎ ያሳደገው ዛፍ ከተፈጥሮ ደኑ ጋር እኩል ይወዳደራል። እንዲህ ያለ ከሰል ደግሞ አለን። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ከአውስትራሊያ የመጣውን የግራር ዘመድ፣ ዲከረንስን፣ በማሳቸው ይተክላሉ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ መሐል ጤፍ ያመርቱበታል፤ ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ቆርጠው ያከስሉትና መሬቱን መልሰው ያርሱታል። እዚህ አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ ስለገባበት የገበሬዎቹ ኑሮ ተናግቷል፤ ይኼም ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ጉዳይ ነው። አፋር ደግሞ ፕሮሶፒስ አለ። በደርግ ዘመን ስለተስፋፋ የአገሩ ሰው «ደርጊ ሃራ» ይለዋል (ከዚያ በኋላ የወጣለትን ስም ለራሳችን ሰላም ስንል እንለፈው)። ይኼ እሾሃም ዛፍ በክልሉ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርሮ የከብቱን ግጦሽ አጥፍቷል፤ ከሰሉ ግን ጠንካራና ጥሩ ነው። የሚያሳዝነው «ፕሮሶፒስ ነው» እየተባለ አገር በቀሉ ግራርም አብሮ ሲቆረጥ መክረሙ ነው። አንዴ ከከሰለ በኋላ ማን ምን እንደነበረ መለየት ቀላል አይደለምና።

«በኪሎ ከሆነማ ውኃ ያርከፈክፉበታል» የሚል ተቃውሞ ሰምተናል። እውነት ነው፤ በርበሬ ላይ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ሕዝብ ይኼን መጠርጠሩ አይገርምም። ግን እርጥብ ከሰል ራሱን ያጋልጣል። ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ ሲያያዝ ይንጣጣል፣ ያጨሳል። በማዳበሪያ ውስጥ የተደበቀ ድቃቂ ግን እስኪዘረገፍ ድረስ ማንም አያየውም። ከሁለት ማጭበርበር ልንይዘው የምንችለውን እንመርጣለን። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን የሚገዙት የከሰል ከረጢት ላይ ክብደቱ ታትሞበት ስለሚሸጥ ሁለት ከረጢት አጠገብ ላጠገብ አቁመው ማስላት ይችላሉ። እኛም ይኼን ያህል ነው የጠየቅነው።

ሚዛኑ እስኪመጣ ድረስ ያለን እጃችንና ጆሯችን ነው። «እማማ፣ የምን ከሰል ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለበትም፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ «ግራር ነው» ስለሆነ አትድከሙ። ይልቅ ሁለት ጉማጅ አንስታችሁ አጋጩ። በደንብ የከሰለ እንደ ሸክላ ቅጭል ይላል፤ ያልበሰለው እንደ እንጨት ዱም ይላል። ስበሩት፤ ስብራቱ ጥቁርና አንጸባራቂ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ውስጡ ቡናማ ከሆነ ገና እንጨት ነው፤ ያ ደግሞ ሥጋችሁን በጭስ ያመርረዋል። ማዳበሪያውን በአንድ በኩል ብድግ አድርጉትና ከጎኑ ካለው ጋር አወዳድሩት። ከተቻለ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ ማዳበሪያ ተካፈሉ፤ ለዕቁብ የምናዋጣ ሰዎች ለከሰል ማዋጣት አያቅተንም። የምትገዙትም ግንቦት ላይ ይሁን። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል፣ ከሰሉ ይርሳል፣ ዋጋው ይወጣል።

ለጥብስ ሲሆን ሁልጊዜ ከባዱን መፈለግም አያስፈልግም። ሦስት ዙር እስኪፈላ ለሚጠበቅ ቡና ቆይቶ የሚነደው ይሻላል። ሳሳ ተደርጎ የተቆረጠ ሥጋ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚበስል ቶሎ የሚግለው የባሕር ዛፍ ከሰል ከበቂ በላይ ነው፤ ፍንጣሪው ብቻ ይበዛል። የዶሮ እግር ከሆነ ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስባችሁ ዶሮውን በሌላው ጎን አድርጉትና ክደኑት፤ በዝግታ ይበስላል፣ ስቡም እሳት ላይ እየተንጠባጠበ አይነድም። ማቀጣጠያ ብላችሁ ፌስታል ወይም ነጭ ጋዝ የምትጠቀሙ ልጆች ግን ተዉን እባካችሁ፤ ሽታው ሥጋው ላይ ይቀራል። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ከሥር በስታችሁ፣ ከታች ወረቀትና ጭራሮ፣ ከላይ ከሰሉን ሞልታችሁ ለኩሱት። ያለ ማራገቢያ ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ፍም ይሆናል።

«ግን የግራር ከሰል ለሥጋው ጣዕም ይሰጠዋል» የሚሉ አሉ። ከሰል ጥሩ ሆኖ ከከሰለ ጭሱን እዚያው የተከሰለበት ቦታ ትቶ ነው የመጣው፤ በከሰል ጥብስ ላይ የምንወደው ጣዕም በአብዛኛው ፍሙ ላይ ከሚንጠባጠበው ስብ የሚነሳው ነው። ጭስ ከፈለጋችሁ መልሱ የእናቶቻችን ጓዳ ውስጥ አለ። የወተት ቅሉና የጠላ ጋኑ በምን ነው የሚታጠነው? በወይራ። ለማጠኛ ተብሎ ከሚሸጠው እንጨት አውራ ጣት የምታክል ቁራጭ ፍሙ ላይ ጣል አድርጋችሁ ክዳኑን ግጠሙ፤ በማንኛውም ርካሽ ከሰል ላይ ሥጋው ወይራ ወይራ ይሸታል። አንድ ቁራጭ ይበቃል፤ ወይራም ቢሆን ከደኑ እየጠፋ ያለ ዛፍ ነው። የባሕር ዛፍ እንጨትና ቀለም የነካው ጣውላ ግን አይሞከርም።

አንድ ነገር ያለ ቀልድ እንናገር። ዝናብ መጣ ተብሎ ምድጃው ወደ ቤት አይገባም። ብዙዎቻችን የሚገድለው ጭሱ ይመስለንና «ቀልቷል፣ ጭሱ ወጥቷል» ብለን እናስገባዋለን። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ቀልቶ ከሚያምረው ፍም ላይም ይወጣል። በዚህ አገር በር ዘግተው ከሰል አጠገብ ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ወሬ ያልደረሰው ሰፈር የለም። ጥብሱ ይርጠብ፤ ምድጃው ደጅ ይቆይ።

ሲያልቅ የተረፈውን ፍም ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ አፍናችሁ አጥፉት፤ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ማቀጣጠያ ይሆናል። ለቡናና ለበቆሎ ደግሞ ላቀችን አትርሷት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከኬንያው የሸክላ ጂኮ ተወስዳ ለአዲስ አበባ የተሠራችው ይህች ምድጃ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ አንጻር ሩብ ያህል ከሰል ታድናለች።

ሚዛን የለም እንዳይባል፣ ከከሰል ሻጯ አጠገብ የተቀመጠችው ድንች ሻጭ ሚዛን አላት። በመንጠቆ የሚንጠለጠለው የእጅ ሚዛንም መርካቶ ይሸጣል። እኛ አዋጥተን አንድ ገዝተናል። እንደ ቄራ ሥጋ ማዳበሪያውን አንጠልጥለን ስንመዝን ሻጮቹ መጀመሪያ ይስቁብናል፤ ቀጥሎ አንዳንዶቹ «እስቲ የኔንም» ይላሉ።