ከመልቀቅ በፊት ማዳመጥ

ዛሬ ድምፃዊ መሆን የሚመኝ ወጣት ሁሉ መቅረጫ በኪሱ አለ። ችግሩ ስልኩ ለአንድ ነገር ብቻ መዋሉ ነው፤ ቲክቶክ ላይ ለመልቀቅ። አንዴ ይዘፈናል፣ ኢኮ ይጨመርበታል፣ ይለቀቃል፣ ላይክ ይቆጠራል። ቁጭ ብሎ «የት ጋ ሳትኩ?» እያለ የራሱን ቅጂ የሚያዳምጥ ግን ጥቂት ነው።

ሰው እየዘፈነ የራሱን ድምፅ በትክክል አይሰማም። ድምፁ ወደ ጆሮው የሚደርሰው በአየር ብቻ ሳይሆን በራስ ቅል አጥንቱ በኩልም ነው፤ አጥንት ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ያጎላል። ብዙዎች ቅጂያቸውን ሲሰሙ «ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም» ብለው የሚደነግጡት ለዚህ ነው። አድማጭ የሚሰማው ግን ያንኑ ነው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዲሉ፣ ከውስጥ የሚሰማ ድምፅ ሁልጊዜ ለባለቤቱ ያዳላል።

የኢትዮጵያ ቅኝቶች ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ትዝታ ሜጀር ወደ ማይነር የሚለወጠው ከአምስቱ ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ነው። ጀማሪው በስሜት ሲንሸራተት በሁለቱ መካከል ቢወድቅ፣ እየዘፈነ ሳለ ላያውቀው ይችላል። ቅጂውን ከክራር ወይም ከኪቦርድ ጋር ሲያስተያየው ይገለጥለታል።

ዘዴው ገንዘብ አይጠይቅም። ስልኩን ከአፍ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ኢኮውን ማጥፋት፣ ከዘፈኑ ጥቂት ስንኞች ብቻ መቅረፅ። ከተቻለ በማግስቱ ማዳመጥ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ መፈለግ፦ መጀመሪያ ቅኝቱን፣ ቀጥሎ ትንፋሹ የሚቆረጥበትን፣ ከዚያ ምቱን፣ በመጨረሻ ቃላቱ ለሰሚ ይገቡ እንደሆነ። የተሳተበትን ቦታ ጽፎ ይዞ እሷኑ ደጋግሞ መለማመድና እንደገና መቅረፅ። ቅጂዎቹ ከነቀናቸው ከተቀመጡ፣ ከወር በኋላ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጎን ለጎን ሲሰሙ ለውጡ ይታወቃል።

«ስቱዲዮ ያስተካክለዋል» የሚሉ አሉ። እርግጥ ኦቶቱን እ.ኤ.አ. በ1997 ገበያ ላይ ከዋለ ወዲህ የተሳተ ድምፅ ማቃናት ቀላል ሆኗል። በስቱዲዮ ብቻ የቀና ድምፅ ይዞ መድረክ የሚወጣ ሰው ግን ወይ ፕሌይባክ ከፍቶ አፉን ማንቀሳቀስ፣ ወይ መጋለጥ ነው ዕጣው። ትኬት ቆርጦ የመጣው ሕዝብ ሁለቱም አይገባውም።

በእርግጥ ቅጂ መምህርን አይተካም፤ ለሚያመው ጉሮሮም መድኃኒቱ ሐኪም እንጂ ስልክ አይደለም። ነገር ግን ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ስልክ ደሴም፣ ጎንደርም፣ ጅማም አለ። «ምርጥ ድምፅ» የሚል ኮሜንት ደስ ያሰኛል፤ የሳተ ቅኝት ግን አያቃናም። የሚያቃናው ሳይለቀቅ በፊት ደጋግሞ የተደመጠ ቅጂ ነው።