የፕሮግራመሩ የልብ ምት የማን ንብረት ነው?

ከደብረ ሲና ተነሥቶ ሽቅብ በእግሩ ጣርማ በር የወጣ ሰው ልቡ በኃይል ይመታል፤ ያልበዋልም። ፈርቶ ነው? ተናዶ ነው? ሁለቱም አይደለም፤ ዳገቱ ነው። በእጁ ላይ የታሰረ ሴንሰር ግን ምቱን ይቆጥራል እንጂ ዳገቱን አያውቅም።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጣሊያኑ ባሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት ጥናት፣ 23 ሰዎች ፕሮግራም ሲጽፉ የልብ ምታቸውና ላብ በቆዳቸው ላይ የሚያመጣው ለውጥ እየተለካ ስሜታቸውን ለመለየት ተሞክሯል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነበር። ይሁንና ቁጥሩ ትርጉም ያገኘው ሰዎቹ ራሳቸው የተሰማቸውን ስለተናገሩ ነው።

ታዲያ መሣሪያው ወደ ገበያችን ቢመጣ ተጠቃሚው ማን ይሆናል? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. 5 ሚሊዮን ኮደሮችን ለማሠልጠን መርሐ ግብር ጀምሯል። የባለሙያ አቅርቦት በበዛበት ገበያ ሥራ ፈላጊው «አላስርም» ለማለት የመደራደር አቅም አይኖረውም። እንዲህ ያለው ፈቃድ ፈቃድ ሊባል አይችልም። ንባቡ ከደመወዝ ጭማሪ ጋር ከተያያዘ ደግሞ ሠራተኛው ንዴቱን መደበቅ ይማራል፤ አሠሪው ገንዘብ አውጥቶ የተሳሳተ መረጃ ይገዛል።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2025 ጀምሮ የሠራተኛን ስሜት በሥራ ቦታ በእንዲህ ዓይነት ዘዴ መለየትን ከልክሏል፤ ለሕክምናና ለደኅንነት ካልሆነ በቀር። ልዩነቱ ተገቢ ነው። በጭጋግ የጣርማ በርን ቁልቁለት ጭነት ይዞ የሚወርደውን ሹፌር ከእንቅልፍ የሚያነቃ መሣሪያ ሕይወት ያድናል። ቢሮ ተቀምጦ ኮድ የሚጽፈውን ሰው ኩርፊያ መመዝገብ ግን ማንን ያድናል?

በአገራችንም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። አሠሪዎች ከዚህ ተነሥተው ሦስት ነገር ቢያከብሩ እንላለን፦ ንባቡ የሠራተኛው ይሁን፤ ለደመወዝም ሆነ ለስንብት ማስረጃ አይሁን፤ ያላሰረም አይጠየቅ።

ለነገሩ ኮድ ጸሐፊውን የሚያናድደው የመብራትና የኢንተርኔት መቋረጥ መሆኑን ለማወቅ ሴንሰር መግዛት አያሻም። ጠጋ ብሎ መጠየቅ ይበቃል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው።