ከቆሻሻው ማዳበሪያ ውስጥ የወጣው መርፌ

ዛሬ ስለ ጨጓራም ስለ ቶንሲልም አይደለም፤ ስለ ቆሻሻ ነው። "ዶክተሯን ደግሞ ምን ነካት?" እንዳትሉኝ፣ ነገሩ የጀመረው ከምርመራ ክፍሌ ነው።

በቅርቡ አንዲት ወጣት ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። እዚሁ አዲስ አበባ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ቆሻሻ ከሚሰበስቡት የማህበር ልጆች አንዷ ናት። ማዳበሪያውን አቅፋ ጋሪው ላይ ስትጭን መርፌ ወጋት። የኢንሱሊን መርፌ ነው። የማን እንደሆነ እሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ። ቁስሉን በበረኪና አጥባ ሥራዋን ቀጠለች። እኛ ጋ ስትደርስ ሁለት ቀን አልፎ ነበር። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት ደግሞ ከተወጉ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ለጥቂት ነው የደረሰችው።

ላስፈራራችሁ አልፈልግም። ቫይረሱ ካለበት ሰው በወጣ መርፌ እንኳ በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉ ከ1,000 ሰው 3 ገደማ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጉበት ቫይረሱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። መርፌው ቫይረሱ ካለበት ሰው የወጣ ከሆነ፣ ካልተከተቡ 100 ሰዎች ከ6 እስከ 30 የሚሆኑትን ሊይዝ ይችላል፤ ከሰውነት ውጪም ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል። ክትባቱ በሀገራችን መደበኛ የሕጻናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱት፣ ማለትም ዛሬ ማዳበሪያችንን ከሚሸከሙት ብዙዎቹ፣ አልተከተቡም።

ጥፋቱ የማን ነው? በታካሚው ለመፍረድ አልቸኩልም። መርፌውን እንዴት እንደሚወጉ አስተምረናቸዋል፤ የት እንደሚጥሉት ግን ማን ነገራቸው? እኔ ራሴ ስንት ሰው ላይ ኢንሱሊን ጀምሬ ይህን ሳልጠይቅ አሰናብቻለሁ።

ደግሞ መለየት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሃይላንዱን፣ ጠርሙሱን፣ ቆርቆሮውን ለቆራሌው ብለን እናስቀምጣለን። የሚሸጠውን ማንም አይጥልም። መርፌ ግን ስለማይሸጥ ከሽንኩርት ልጣጭና ከዳይፐር ጋር ተቀላቅሎ ይወጣል። አንዳንድ ግቢ ባለ ሁለት ቀለም የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ተሰጥቷል፤ አንዱ ለሚበሰብሰው፣ አንዱ ለፕላስቲክና ለወረቀት። ጥሩ ጅምር ነው። ግን መርፌው የትኛው ውስጥ ይግባ? የትኛውም ውስጥ ቢገባ የሰው እጅ ይጠብቀዋል፤ መጀመሪያ የሰብሳቢዋ፣ ቀጥሎ ክምር ላይ ፕላስቲክ የሚለቅሙት ሰዎች። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ እዚያ አካባቢ ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር ሁላችንም አይተናል።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ መርፌውን የሰጠ ተቋም ያገለገለውንም መልሶ ይቀበል። ሆስፒታሉም፣ ጤና ጣቢያውም፣ የሚሸጠው ፋርማሲም። በየጤና ተቋሙ ሴፍቲ ቦክስ የምንጠቀመው ባለሙያው እንዳይወጋ ብለን ነው። የሰብሳቢዋ ጣት ከእኔ ጣት በምን ያንሳል? ወረዳዎችም ማጠራቀሚያ ሲያድሉ ይህንን ከጤና ጣቢያ ጋር ቢነጋገሩበት ብዙ ወጪ የለውም።

እስከዚያው ግን ቤታችን ውስጥ የምንችለው አለ። ባዶ የበረኪና ወይም የፈሳሽ ሳሙና ዕቃ፣ ወፍራምና ክዳን ያለው፣ ለመርፌ ብቻ መድቡ። ሃይላንድ አይሆንም፤ ስስ ስለሆነ መርፌ ይበሳዋል፣ ልጆችም ያነሱታል። ከተወጋችሁ በኋላ ክዳኑን መልሳችሁ ለመግጠም አትሞክሩ፤ ብዙ ሰው የሚወጋው ያኔ ነው። እንዳለ ዕቃው ውስጥ ክተቱት። ላዩ ላይ "መርፌ አለው" ብላችሁ ጻፉ፣ ልጅ ከማይደርስበት አስቀምጡ፣ ሦስት አራተኛው ሲሞላ በፕላስተር አሽጉት። ለቆራሌው እንዳትሰጡት አደራ! የተሰበረ ብርጭቆም በወፍራም ካርቶን ተጠቅልሎ ለብቻው ይውጣና ለሰብሳቢዋ በአፍ ይነገራት።

የተረፈ ሽሮፕና ክኒን ደግሞ እንዳለ አይጣል፤ ልጅ አግኝቶ ይጠጣዋል። የምትመልሱበት ቦታ ካጣችሁ ከቡና አተላ ጋር ደባልቃችሁ፣ በፌስታል አስራችሁ ጣሉት።

ማንም ሰው በተጣለ መርፌ ከተወጋ፣ በተለይ ሜዳ ላይ የሚጫወት ልጅ፣ ቦታውን በሳሙናና በውሃ እጠቡት። አትጭመቁት፣ አትምጠጡት፣ በረኪናም አታፍስሱበት። ከዚያ "ነገ እናያለን" ሳትሉ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም። መድኃኒቱ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ የሄፓታይተስና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ያስፈልግ ይሆናል።

ልጅቷ የ28 ቀኑን መድኃኒት ጀምራለች፣ ሥራም ገብታለች። እኔ ጋ የስኳር ክትትል ያላችሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሞላውን ዕቃ ይዛችሁ ኑ፤ እንቀበላለን። ሌላ ቦታ የምትታከሙም ጠይቁ፤ "አንቀበልም" ከተባላችሁ የተቋሙን ስም ሳትጠሩ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።