ውጤቱ ውል ነው፤ አንገቱ ግን እውነት ነው
(«ይዘጋ» ላለው ጽሑፍና «ተዉን» ላሉት ወጣቶች የተሰጠ መልስ)



ባለፈው እትማችን «ይዘጋ» በሚል ርእስ አንድ ጽሑፍ መውጣቱ ይታወሳል። ጸሐፊው ከገበያው በታች ባለው ቪዲዮ ቤት ቅዳሜና እሑድ የሚታየውን የጃፓኖች የጥንድ ሬስሊንግ በብርቱ ቃል አውግዘዋል። ክሳቸው በአጭሩ ይህ ነው፦ ትግሉ ውሸት ነው፤ አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ወጣቱ በሃያ ሽልንግ ውሸት ይገዛል፤ ስለዚህ ቤቱ ይዘጋ። ሉኳ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ ስትመለስ ግን በኅዳጓ ላይ በእርሳስ የተጻፈ የወጣቶች መልስ ይዛ መጣች። መልሱም «ውሸት መሆኑን እናውቃለን። ውሸት ስለሆነ ማንም አይጎዳም። ተዉን» ይላል።

ሁለቱ ወገኖች የሚጣሉ ይመስላሉ። ሲመረመር ግን በአንድ ምንጣፍ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ሽማግሌው «ውሸት ነውና ይዘጋ» ይላሉ፤ ወጣቱ «ውሸት ነውና ይታይ» ይላል። መነሻቸው አንድ ነው፤ መነሻውም ስሕተት ነው። ይህች ጽሑፍ የተነሣችው ይህንኑ የጋራ ስሕተት ለመንቀል ነው።

ነገሩ የወሬ ማድመቂያ እንዳይመስላችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከውኃ ታንከሩ ጀርባ፣ በደረቁ መሬት ላይ፣ አራት ልጆች ሁለት ለሁለት ሆነው «ጃፓን» ይጫወቱ ነበር። አንደኛው ጓደኛውን ከኋላ በወገቡ አቅፎ ወደ ኋላ ወረወረው። የተወረወረው ልጅ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው። በማጅራቱ ወደቀ። እስከ ማታ ድረስ እጁን ማንሣት አልቻለም ነበር። ዛሬ በአንገቱ ዙሪያ መደገፊያ አስሮ ይሄዳል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይሄዳል። ልጁ ከመውደቁ በፊት በዙሪያው የቆምነው ትልልቅ ሰዎች ምን እንል እንደነበር ልንገራችሁ? «ጨምርለት!» እንል ነበር። «እንል» ያልሁት አውቄ ነው። እኔም ነበርሁበት።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። ለመሆኑ ውሸት የተባለው የትኛው ነው?

ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ በውል መወሰኑ እርግጥ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ውሉ የሚወስነው መጨረሻውን ነው እንጂ ሥጋንና አጥንትን አይደለም። ክርን መንጋጋ ላይ ሲያርፍ መንጋጋው «ይህ ትያትር ነው» ብሎ ከሕመም አያመልጥም። እግር ደረት ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ጩኸት ከድምፅ ማጉያ የሚወጣ አይደለም። የጃፓኖቹ ሬስሊንግ ከሌላው የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ምቱ ይደርሳል።

ምሳሌ ልስጥ። ቪዲዮ ቤቱ ደጋግሞ የሚያሳየው ግጥሚያ ሰኔ 2 ቀን 1987 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 1995) በቶኪዮ ከተማ በኒፖን ቡዶካን አዳራሽ የተደረገው ነው። አዳራሹ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ለ1964ቱ ኦሊምፒክ የጁዶ ውድድር የተሠራ ነው፤ በዚያው ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ጨርሶ ሁለተኛ ወርቁን ወስዷል። በ1995 የጥንድ ሻምፒዮኖቹ ሚትሱሃሩ ሚሳዋና ኬንታ ኮባሺ ነበሩ። የገጠሟቸው ቶሺያኪ ካዋዳና አኪራ ታውኤ ናቸው። ታውኤ ቀድሞ የሱሞ ታጋይ ነበር። ካዋዳና ሚሳዋ ደግሞ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ በአንድ የትግል ቡድን ያደጉ ሰዎች ናቸው።

ያላየ እንዲገባው ሕጉን በሁለት ቃል ላስረዳ። ከየጥንዱ አንድ ሰው ብቻ በሪንጉ ውስጥ ይታገላል። ሁለተኛው ከገመዱ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል፤ ጓደኛው እጁን ሲነካው ብቻ ይገባል። አንዱ ሌላውን በጀርባው አስተኝቶ ዳኛው ሦስት ከቈጠረ ግጥሚያው ያበቃል። ከውጭ የቆመው ጓደኛ ግን ቈጠራው ሳያልቅ ሮጦ ገብቶ ሊያፈርሰው ይችላል። እንግዲህ የጥንድ ትግል ጥያቄ «ማን ይበልጥ ይመታል?» አይደለም። ጥያቄው «ጓደኛህ ሲወድቅ ወዴት ነበርህ?» የሚል ነው።

በዚያ ቀን ሚሳዋ የዓይኑ ጕድጓድ አጥንት ከተሰበረ ገና ሁለት ወር ቢሆነው ነው። ኮባሺ አንድ እግሩን በፋሻ ጠቅልሎ ገብቷል። ካዋዳና ታውኤ ያንን እግር አልማሩትም፤ «በሰው ቍስል እንጨት ስደድበት» እንደሚባለው፣ በታመመው ላይ ረገጡት። ኮባሺ መቆም ሲያቅተው ሚሳዋ ብቻውን ለሁለት ቀረ። መጨረሻው ሲቃረብ ሚሳዋ ወለሉ ላይ ተዘርሮ ሳለ ኮባሺ በአንድ እግሩ እየተንፏቀቀ መጣና በጓደኛው ላይ ተደፋበት። አልመታም። አልጮኸም። ጀርባውን ለእርግጫ ሰጥቶ ሸፈነው። ከላዩ ላይ ጐትተው አነሡት፤ ካዋዳም ሚሳዋን ወደ ላይ አንሥቶ በጀርባው ከወለሉ አላተመውና ሦስት ተቈጠረ። 42 ደቂቃ ከ37 ሴኮንድ ፈጀ። ካዋዳ ከዚያ ቀን በፊት ሚሳዋን አስተኝቶ ሦስት አስቈጥሮበት አያውቅም ነበር።

ኮባሺ በተደፋባት በዚያች ቅጽበት የእኛ ቪዲዮ ቤት ምን ያደርጋል? ይስቃል! በክርኑ ጊዜ ያጨበጨበው፣ በእርግጫው ጊዜ ከወንበሩ የተነሣው ሕዝብ፣ አንድ ሰው ለጓደኛው ጋሻ ሲሆን «ሞኝ» ብሎ ይስቃል። ወጣቶች ሆይ፤ በልጃችን ላይ የደረሰው አደጋ የተፀነሰው በዚህ ሳቅ ውስጥ ነው። መምታቱን አጠናችሁ፤ መሸፈኑን ዘለላችሁት።

«መሸፈኑም በውል የተደረገ ነው» የሚል አይጠፋም። ይሁን፤ ውል ነው እንበል። ፋሻውም ውል ነበረን? ጀርባው ላይ ያረፈው እግርስ? ከዚህም የጠለቀ ምሥጢር አለ። በዚህ ትግል ጠላት የሚመስሉት አራቱም ሰዎች አንዱ የሌላውን አንገት ይጠብቃሉ። የሚወረውረው ሰው የተወርዋሪውን ሕይወት በእጁ ይዟል። የጃፓን ታጋዮች በማሠልጠኛ ቤታቸው መምታት ከመማራቸው በፊት መውደቅን ይማራሉ፤ አገጭን ወደ ደረት ማስገባት፣ ጀርባን ማስፋት፣ በክንድ ወለሉን መምታት፣ ይህንኑ ቀን በቀን መደጋገም። ወለላቸውም ከሥሩ የሚለጠጥ ጣውላ፣ ከላዩ ንጣፍ አለው። የእኛ ወለል የሞያሌ ጠጠር ነው። የእኛ ልጆች ውርወራውን ብቻ ወሰዱ፤ መተማመኑንም፣ አወዳደቁንም፣ ወለሉንም አልወሰዱም።

ይህ ሁሉ ጥበብ ያላቸውስ ሰዎች ምን ሆኑ? «ማንም አይጎዳም» ያላችሁ ይህን ስሙ። ያ ሚሳዋ በ2000 ኖህ የሚባል የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ሰኔ 6 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 13 ቀን 2009) በሂሮሺማ ከተማ፣ አሁንም በጥንድ ግጥሚያ፣ ከኋላ አቅፎ ወደ ኋላ በመወርወር የሚደረግ አጣጣል ደረሰበት። በሥራ ዘመኑ ሁሉ ስፍር ቍጥር በሌለው ጊዜ የወደቀው አወዳደቅ ነበር። በዚያች ሌሊት ግን አልተነሣም። የአንገቱ አከርካሪ ተጎድቶ ሆስፒታል ውስጥ ሞተ። 46 ዓመቱ ነበር። ወርዋሪው አልበደለም፤ የታወቀ፣ የተለመደ አጣጣል ነው። አንገቱ ግን ከሰማንያዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የተጠራቀመ ዕዳ ነበረበት። ያንን ዕዳ ያበዛው ማን ነው? ትናንት ያየው ዛሬ የማይበቃው፣ «ጨምር! ጨምር!» የሚል ተመልካች ነው። አዳራሹ ባጨበጨበ ቍጥር አወዳደቁ ከጀርባ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ማጅራት ወጣ።

ኮባሺም ቢሆን ጕልበቱን ደጋግሞ በቀዶ ሕክምና አስጠግኖ፣ በመካከሉ የኵላሊት ካንሰር ታሞ ድኖ፣ በ2013 በዚያው ቡዶካን ተሰናብቷል። ይህ ሁሉ ውሸት ነውን?

አሁን ደግሞ ወደ «ይዘጋ» ጸሐፊ ልመለስ። አባታችን፤ ስለ ልጆቹ መጨነቅዎ ተገቢ ነው። ምክንያትዎ ግን ልጆቹን ለአደጋ ያጋልጣቸዋል። «ውሸት ነው» ብለው በጮኹ ቍጥር ልጁ የሚሰማው «አያምም» የሚለውን ነው። ቤቱ ቢዘጋ ደግሞ ትግሉ በየስልኩ አለ፤ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ ያለውን ባዶ መሬትም የሚዘጋ በር አልተሠራም። ሰው ተሰዶ፣ ሥራ አጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ቆሞ ሲውል ሌላው ሲታገል ማየት ያምረዋል። ይህን ነውር አንበለው። ነውሩ ሌላ ነው፤ የሚመታውን ብቻ እያየን የሚሸፍነውን አለማየታችን ነው።

እናንተም ወጣቶች፤ «ተዉን» አትበሉ። አንተዋችሁም። አንድ ልጅ አንገቱን አስሮ እየሄደ «ተዉን» ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ላቅርብ፦

አንደኛ፤ ቪዲዮ ቤቱ አይዘጋ። ነገር ግን የ1995ቱ ግጥሚያ በታየ ቍጥር አንድ ሰው ተነሥቶ ከመጀመሩ በፊት የ2009ኙን የሂሮሺማ ሌሊት ይንገር። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ሌላ ተናጋሪ ከጠፋ እኔ እናገራለሁ።

ሁለተኛ፤ በመጠለያችን ውስጥ ሰውን ከመሬት አንሥቶ መወርወር ይቅር። መታገል የሚፈልግ በአገራችን ወግ ይታገል። ትግል ከገና ጨዋታና ከፈረስ ጕግስ ጋር በባህል ስፖርታችን የተቈጠረ፣ ደንብ ያለው፣ ዳኛ የሚቆምለት ነው። አሸዋው ያለበት ወንዝ ዳር ሩቅ አይደለም። ዳኝነቱን «ይዘጋ» ያሉት አባታችን ቢይዙት ደግሞ እሰየው ነው።

ሦስተኛ፤ «ጨምርለት!» የሚለው ቃል ከአፋችን ይውጣ። ይህ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ምክንያቱም ጥፋተኛው ልጅ ሳይሆን እኛ ነን።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያልን አድገናል። ማበር ግን አብሮ መምታት ብቻ አይደለም። በስደት ላይ ያለን ሰው የሚመታው አይጠፋም፤ ፀሐዩም፣ ረኀቡም፣ ናፍቆቱም ይመታዋል። የሚጐድለው የሚደፋበት ጓደኛ ነው። ያን ልጅ ቅዳሜ ዕለት ሄጄ ይቅርታ ለመጠየቅ አስቤአለሁ። በዚያን ቀን ክቡን ሠርታችሁ የነበራችሁ ሁሉ፣ ማን ማን እንደነበርን እንተዋወቃለንና፣ ከእኔ ጋር ኑ።