ፊደል ሳይቆጥሩ ዳዊት መድገም

መንግሥት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በኤምሬትስ ድጋፍ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የሚለውን ፕሮግራም ከጀመረ ወዲህ ወሬው ሁሉ የሰርተፊኬት ቁጥር ሆኗል። ዳታ ሳይንስም ሆነ የአንድሮይድ ፕሮግራም መማሩ አይከፋም። ለመሆኑ ግን ከባለ ሰርተፊኬቶቹ ስንቱ ነው በየቤታችን የተሰቀለው ባለ ካርድ የመብራት ቆጣሪ በምን እንደሚሠራ የሚያውቀው? ውስጡ ያለው ማይክሮኮንትሮለር የሚባል ጥፍር የምታክል ኮምፒዩተር ነው። የልብስ ማጠቢያውም፣ መኪናውም የሚታዘዘው በእንዲህ ያለ ቺፕ ነው። ሙያው ኢምቤድድ ሲስተም ይባላል፤ ቦርድ ሳይነኩ አይለመድም።

«ከየት ልጀምር?» ለሚል ወጣት የሚሰጠው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «አርዱኢኖ ግዛና የተጻፈ ፕሮግራም ገልብጥ» ይለዋል። ሌላው «እሱማ የልጆች መጫወቻ ነው፤ በቀጥታ ባለ 32 ቢቱን ያዝ» ይላል። ጎበዝ! ሁለቱም ፊደል ሳያስቆጥሩ ዳዊት ማስደገም ነው።

ጀማሪው በ8 ቢት ቺፕ የሚሠራውን አርዱኢኖ ኡኖ ይያዝ። አርዱኢኖ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ ለተማሪ ተብሎ የተጀመረ ነው። መጀመሪያ በተዘጋጀው ትዕዛዝ አምፖሏን ያብራ፣ ያጥፋ። ቀጥሎ ያንን ትዕዛዝ ትቶ በሲ ቋንቋ ሬጅስተሩን ራሱ እየነካ ያብራት። ቦርዱ ላይ 13 የተባለው እግር በቺፑ ዘንድ ፒቢ5 መሆኑን ከዳታሺቱ አንብቦ ይድረስበት። የቺፑ ራም 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ቁጠባንም ይማርበታል። ከዚያ ታይመር፣ ኢንተረፕት፣ ሴሪያል እያለ ይቀጥል፤ መልቲሜትር ከእጁ አይለይ። ይህን የጨረሰ ልጅ ወደ ኢኤስፒ32 ወይም ኤስቲኤም32 ሲሻገር አይደናገጥም።

ቦርዱስ ከየት ይምጣ? በዚያው ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ብር ወደቀ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ለድሃ ልጅ የሚቀመስ አልሆነም። ስለዚህ ለየቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቱ ጥቂት ቦርድና መልቲሜትር ይገዛለት። አንዱን ቦርድ አምስት ልጆች ቢፈራረቁበትም ይማሩበታል። ይህ ለሪፖርት አያምር ይሆናል። ነገ ቆጣሪው ሲበላሽ ግን የሚጠግነው ሰርተፊኬቱ ሳይሆን እጁን ያፍታታው ልጅ ነው።