መምህር ያልገባባቸው ኮርሶች፦ በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ተጠያቂው ማን ነው?

የአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት በቴሌቪዥን ስርጭት ውልና በስታዲየም ገቢ ቢሊዮን ዶላሮች የሚንቀሳቀሱበት ዘርፍ ነው። ተጫዋቾቹ ግን ለአሥርት ዓመታት ደመወዝ እንዳይቀበሉ ተከልክለው ኖረዋል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነበር፤ ክፍያቸው የሚያገኙት ነጻ ትምህርት ነው የሚል። በቻፕል ሂል ከተማ የሚገኘው የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ፣ ይህ ክፍያ ራሱ ሐሰተኛ ሆኖ ሲገኝ ማን እንደሚጠየቅ የፈተነ ነው።

በዩኒቨርሲቲው የአፍሪካና የአፍሪካ-አሜሪካውያን ጥናት ክፍል ከፈረንጆቹ 1993 እስከ 2011 ድረስ ንግግር የማይሰጥባቸው፣ መምህርም የማይገባባቸው ኮርሶች ነበሩ። ከተማሪው የሚጠበቀው በሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ጽሑፍ ማስረከብ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጽሑፍ አርማ ውጤት የምትሰጠው ደግሞ መምህር ሳትሆን የክፍሉ የአስተዳደር ሠራተኛ ነበረች፤ ውጤቱም የጽሑፉን ጥራት ያላገናዘበና ከፍተኛ ነበር። የቀድሞው የፌዴራል አቃቤ ሕግ ኬኔት ዌይንስታይን በጥቅምት 2014 ባወጡት የምርመራ ሪፖርት መሠረት ከ3,100 በላይ ተማሪዎች ቢያንስ አንድ እንዲህ ያለ ኮርስ ወስደዋል። ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች 4 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ስፖርተኞች ከእነዚህ ኮርሶች ምዝገባ ግማሽ ያህሉን ይዘው ተገኝተዋል።

ሪፖርቱ ሠራተኛዋን በገንዘብ የተገዛች አድርጎ አላቀረበም። ለሚቸገሩ ተማሪዎች ታዝን እንደነበር ነው የገለጸው። የክፍሉ ኃላፊም አሠራሩን ያውቁ ነበር፤ እርሷ ጡረታ ከወጣች በኋላም ለተወሰነ ጊዜ አስቀጥለውታል። የሚያስገርመው የስፖርቱ ወገን ምን ያህል ያውቅ እንደነበር ነው። ሠራተኛዋ በ2009 ስትሰናበት የእግር ኳስ ቡድኑ የትምህርት አማካሪዎች ለአሰልጣኞቹ ባሳዩት ገለጻ፣ ተጫዋቾች ክፍል መግባት፣ ማስታወሻ መያዝ፣ ነቅቶ መቀመጥ እንኳ የማይጠበቅባቸው ኮርሶች ከእንግዲህ እንደማይኖሩ በጽሑፍ ዘርዝረው ነበር። መርማሪ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ሊመኝ አይችልም።

ጉዳዩን ወደ አደባባይ ካወጡት ነገሮች አንዱ የአንድ ተጫዋች የስዋሂሊ ትምህርት ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በ2011 ለፍርድ ቤት በማስረጃነት ሲቀርብ ከሌሎች ሥራዎች የተገለበጠ መሆኑን የደረሱበት የተፎካካሪ ቡድን ደጋፊዎች እንጂ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች አልነበሩም። የአፍሪካን ቋንቋና ታሪክ ለማስተማር የተቋቋመ ክፍል ለዚህ ሥራ መዋሉ በተቋሙ ውስጥ ለዘርፉ የተሰጠውን ክብደት ይናገራል።

የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ብሔራዊ ማኅበር ኤንሲኤኤ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ውሳኔውን አሳወቀ፤ በትምህርት ማጭበርበር የሚያስቀጣ ጥሰት መፈጸሙን መደምደም አልቻልኩም አለ። ኮርሶቹ ለሁሉም ተማሪ ክፍት ነበሩ፣ የትምህርት ሥራ ሐሰተኛ ነው አይደለም ብሎ የሚወስነውም በማኅበሩ ደንብ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ውጤቶቹን አጸና። ቀደም ሲል ለዕውቅና ሰጪው ተቋም ድርጊቱን የትምህርት ማጭበርበር ብሎ ጽፎ ነበር፤ በኤንሲኤኤ ፊት ሲቀርብ ግን ቃሉ በስህተት የሰፈረ ነው አለ። ዕውቅና ሰጪው በ2015 የአንድ ዓመት የማስጠንቀቂያ ክትትል ጥሎበታል። የ2005 እና የ2009 የቅርጫት ኳስ ዋንጫዎች አልተነኩም። በማኅበሩ የተቀጡት ለምርመራው አልተባበሩም የተባሉት የቀድሞው የክፍሉ ኃላፊ ብቻ ናቸው።

የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ዕጣ የተለየ ነበር። በዚያ አንዲት አስጠኚ ለ12 ስፖርተኞች የትምህርት ሥራ መሥራቷን በ2016 ራሷ ተናገረች፤ ዩኒቨርሲቲውም ጥፋቱን አምኖ ከምርመራው ጋር ተባበረ። ኤንሲኤኤ በጥር 2019 የእግር ኳስ፣ የቤዝቦልና የሶፍትቦል ቡድኖቹን ከማጠቃለያ ውድድሮች አገደ፤ ይግባኙንም በዚያው ዓመት ኅዳር ውድቅ አደረገ። ሁለቱን ውሳኔዎች ጎን ለጎን የሚያይ የዩኒቨርሲቲ ጠበቃ ለደንበኛው ምን እንደሚመክር መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ግን ማኅበሩ ለፍርድ ቤት የሰጠው መልስ ነው። ሁለት የቀድሞ የሰሜን ካሮላይና ስፖርተኞች ትምህርት ተነፍገናል ብለው በ2015 ሲከሱ፣ ኤንሲኤኤ የስፖርተኞችን የትምህርት ጥራት የማረጋገጥ ሕጋዊ ግዴታ የለብኝም ሲል ተከራከረ። “ተማሪ-ስፖርተኛ” የሚለውን ስያሜ በ1950ዎቹ ያስፋፋው ይኸው ማኅበር ነው። በወቅቱ የመሩት ዋልተር ባየርስ ኋላ እንዳመኑት፣ ስያሜው የተጎዱ ተጫዋቾች እንደ ሠራተኛ ተቆጥረው ካሣ እንዳይጠይቁ ለመከላከል የታሰበ ነበር። ካሣ ሲጠየቅ ተማሪ ናቸው ይባላል፤ ትምህርቱ ሲጠየቅ ግዴታ የለብንም ይባላል።

ወደ ፕሮፌሽናል ስፖርት የሚሻገሩት ከ2 በመቶ በታች ናቸው። በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞች በቀጥታ እንዲከፍሉ ፈቅዷል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው ለአንድ ተቋም 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ገቢ ወደሚያስገቡት እግር ኳስና የወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። ለዋናተኛው፣ ለሯጯና ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለሚቀመጠው ተጫዋች ትምህርቱ ዛሬም ዋናው ክፍያ ነው።