«በሞቴ» እየተባለ የሚጎረስ ጉርሻ

የበዓል ማዕዳችንን ለማወድስ ብዕር ሰንፎ አያውቅም። አብሮ መብላቱ፣ መጎራረሱ፣ የጎረቤቱ ልጅ እንደ ቤት ልጅ ከመሶቡ ዙሪያ መታደሙ፣ ሁሉም መልካም ነው፤ የሚክደው የለም። ነገር ግን ከዚሁ ማዕድ ዳር የተቀመጠ አንድ ሰው «ይኼ አይስማማኝም» ያለ እንደሆነ የሚደርስበትን ያየ፣ እንግዳ ተቀባይነታችንን እንደገና ለመመዘን ይገደዳል። መጀመሪያ ይሳቅበታል። ቀጥሎ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» ይዘንብበታል። በእምቢታው ከጸና ደግሞ ባለቤቲቱ ታኮርፋለች። ለመሆኑ በዚያ ቀን የተጋበዘው ሰውየው ነው ወይስ የባለቤቲቱ ሙያ?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። «አይስማማኝም» የምትለው ቃላችን ከአቅሟ በላይ ተሸክማለች። አንዱ ጎመን ስለማይወድ ብቻ ይላታል። ሁለተኛው ወተት ሲጠጣ ሆዱ ስለሚነፋ ይላታል፤ ይህ የወተቱን ስኳር ለመፍጨት አለመቻል ነው፣ ያስቸግራል እንጂ አይገድልም። ሦስተኛው ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀቱን ቀስ በቀስ የሚጎዳበት፣ ሐኪሞች ሴሊያክ የሚሉት ሕመም ያለበት ነው። አራተኛው ባለ አለርጂው ነው። የእርሱ ሰውነት የእንቁላልን፣ የወተትን፣ የለውዝን ወይም የሰሊጥን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል። ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳው ሽፍ ይላል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ሲብስም ትንፋሹ ያጥራል፤ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። አራት ሰዎች በአንድ ቃል ተናገሩ፤ እኛም ለአራቱም ጎመን ለማይወደው የምንሰጠውን መልስ እንሰጣለን።

«ይኼ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ ድሮ አልነበረም» የሚሉ አሉ። በተለይ ከውጭ አገር ለበዓል የመጡ ዘመዶች «ልጃችን ሰሊጥ አይቀምስም» ሲሉ «ፈረንጅ ሆነው መጡ» ይባልላቸዋል። ስም ያልወጣለት በሽታ ግን የለም ማለት አይደለም። በልቶ ድንገት ያበጠውን ልጅ «ዓይን ነው»፣ «ቡዳ ነው» ስንል የኖርን ሰዎች ድሮ አልነበረም ለማለት ምን ማስረጃ አለን? ደግሞስ ፈረንጆቹ በሕግ ተገድደው በእሽግ ምግብ ላይ የሚጽፉት ምንድን ነው? የአውሮፓ ኅብረት እንዲገለጹ ካዘዛቸው 14 ነገሮች መካከል ሰሊጥ፣ ሰናፍጭ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ግብጦ ይገኙበታል። አሜሪካም በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ሰሊጥን ጨምራ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ አውላዋለች። ሰሊጥ ከሑመራ፣ ግብጦ ከጎጃም፣ ሰናፍጭ ከስልጆአችን የማናውቃቸው ባዕዳን ናቸውን?

ከሁሉም የሚያስገርመው «ለአንድ ሰው ተብሎ ሌላ ድስት አይጣድም» የሚለው ሰበብ ነው። ይህን የሚለው ማን ነው? የጾሙን ጭልፋ ከፍስኩ ጭልፋ ለይቶ የሚያስቀምጥ፣ ቅቤ የነካውን ድስት አጥቦ አጥቦ እንኳ ልቡ የማያርፍ ሕዝብ! ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች በሚጠራሩበት ሠርግና ድግስ ሁለት ከብት ይታረዳል፤ ቢላዋው፣ ድስቱና አሳላፊው ሳይቀር ይለያል። ማንም «ለጥቂት ሰው ተብሎ» አይልም፤ እንዲያውም ሳይለይ የቀረ ባለ ድግስ ይወቀሳል። እንግዲህ ዕቃ ከዕቃ፣ እጅ ከእጅ እንዳይነካካ የመጠንቀቅን ጥበብ ከማንም የምንማረው አይደለም። በቤታችን ያደገ ነው። ለእምነት ያከበርነውን ጥንቃቄ ለአንድ ሕፃን እስትንፋስ መንፈግ የአቅም ሳይሆን የልብ ጉድለት ነው።

ደግሞም ሥራው የሚያህለውን ያህል አይደለም፤ አስቀድሞ ማሰብን ብቻ ይጠይቃል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይሉ የለ! «ኑ» ብሎ የሚጠራ ሰው በዚያው አፉ «የማይስማማችሁ ነገር አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። የዶሮው ቁሌት በዘይት ከበሰለ በኋላ ቅቤ ከመግባቱ በፊት ወተት ለማይስማማው ይቀነስለት፤ የተነጠረ ቅቤም ቢሆን የወተት ፕሮቲን ርዝራዥ አያጣውምና። እንቁላሉ ለብቻው ተቀቅሎ በመጨረሻ ለሚበሉት ብቻ ይቅረብ እንጂ ከወጡ ጋር አይንተክተክ። ግሉተን ለሚጎዳው ሰው «ጤፍ ነው» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ዱቄቱ ከገብስ ወይም ከስንዴ ያልተቀላቀለ፣ እርሾውም ከተቀላቀለ ሊጥ ያልመጣ መሆን አለበት። ወፍጮ ቤቱ ከጤፉ በፊት ስንዴ ፈጭቶ እንደሆነም መጠየቅ ያሻል። ምጣዱ የሚታሰስበት ጎመን ዘር ከሰናፍጭ ጋር ቤተ ዘመድ መሆኑንም ሰናፍጭ የማይስማማው ሰው ያለበት ቤት ይወቅ። ቡናው ሲፈላ የሚዞረው ቆሎ ለውዝ ካለበት ለውዙ ለብቻው ይቅረብ፤ በተለይም ልጆች እፍኝ እፍኝ እየዘገኑ የሚሯሯጡበት ቀን ነውና።

«ታዲያ ማዕዱ ሊከፈል ነው? ሰው በበዓል ቀን ለብቻው በሳህን ሊበላ ነው?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። በእኛ ዘንድ ለብቻ መብላት ቅጣት ይመስላል፤ ልጅም ይህን ቶሎ ይረዳል። መፍትሔው ግን ልጁን ወደ መርዙ ማቅረብ ሳይሆን ማዕዱን ወደ ልጁ ማቅረብ ነው። ምስሩ፣ ጎመኑ፣ አልጫው ሁሉም ሊበላው በሚችል መንገድ ከተሠራና ከመሶቡ ላይ አብዛኛው የጋራ ከሆነ፣ የሚለየው አንድ ወይም ሁለት ዓይነት ብቻ ይሆናል። ለእርሱም አስቀድሞ፣ እጅ ሳይገባበት ይነሣለት። ይህ መከፈል ሳይሆን መከበር ነው።

እዚህ ላይ ሌላውንም ወገን ዝም ብዬ አላልፍም። ወጡ ስላላማረው «አለርጂ አለብኝ» የሚል ሰው በእውነተኛው ሕመምተኛ ላይ ይቀልዳል። እርሱ ዛሬ ዋሽቶ ነገ ሲበላ ያየች ባለቤት፣ ከነገ ወዲያ እውነቱን የሚነግራትን አታምንም። የማይወድ «አልወድም» ይበል፤ ነውር የለውም።

ከሁሉም የከፋው ግን «እስኪ ሳታውቀው ትቅመሰው» ብሎ በድብቅ የሚፈትነው ዘመድ ነው። ለአለርጂ «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም፤ በጥቂቱ መነሣት ይችላልና። ልጁ ሲያብጥና ትንፋሽ ሲያጥረው ደግሞ «ወተት ይጠጣ» እየተባለ ይሮጣል፤ ያሳበጠው ያው ወተት ቢሆንስ? ለዚያች ሰዓት የሚደርሰው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። እርሱ ቤት ውስጥ ከሌለ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው፤ በበዓል ቀን ደግሞ መኪናውም ሐኪሙም እንደ ሌላው ቀን በቀላሉ አይገኙም።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባልና ሁለተኛ ይጨመራል። የመጀመሪያው ጉርሻ ጉሮሮውን ለሚዘጋበት ሰው ግን ፍቅር ማለት ሁለተኛው ጉርሻ አይደለም። ፍቅር ማለት ከመጀመሪያው በፊት «ይስማማሃል ወይ?» ተብሎ መጠየቁና መልሱ መታመኑ ነው።